ሐምሌን የማይወዱ ነጋዴዎች፦ የጣና ዳር የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ፣ ጥር 5 ቀን 2015

ባሕር ዳር የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥምቀት ስለደረሰ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። አብዛኛው እዚህ አድሮ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እዚህ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ እየሠራ ይኖራል። በስልክ ባወራን ቁጥር ስለ አጎቱ ሳያነሳ አይዘጋም። አጎቱ የገጠር ወረዳ ምክር ቤት አባል ናቸው። ሱቅ አላቸው፤ የሩዝ መፈልፈያም አላቸው። ስለ ግብርና ስለ ንግድ ፈቃድ ማውራት ከጀመሩ እራት ይቀዘቅዛል ይባላል።

ስማቸውን አልጽፍም፤ የወረዳቸውንም እንዲሁ። በዚህ ተስማምተናል። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ።

ጓደኛዬ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቀኝ። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። አምስት ወር ዝም ያለው ሁሉ በመጨረሻዎቹ ቀናት ግር ብሎ ይመጣል። ለማሳደስ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ያስፈልጋል፤ ክሊራንስ ለማግኘት ግብር ተከፍሎ ማለቅ አለበት። «አሁን የሚመጡት ባለ ቅጣቶቹ ናቸው» አለኝ። «እነሱ እንኳ አይቸኩሉም።»

ማታ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር ጀበና ቡና ጠጣን። ጥቂት በርጩማ፣ አንድ የከሰል ማንደጃ፣ ፈንዲሻ በሰፌድ። ልጅቷ ስትቀዳ አንድ ዓይኗ ሲኒው ላይ፣ ሌላው መንገዱ ላይ ነው። ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል በርጩማዎቹን በአንድ ትንፋሽ ሰብስባ ከግንቡ ጀርባ ከተተቻቸው። አንደኛው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ቆሜ ጨረስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 6

ጋሼን ያገኘኋቸው ቅዳሜ ገበያ፣ እህል ተራ ውስጥ ነው። ከአርባ አምስት አይበልጡም። ረዥምና ከሲታ ናቸው፤ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ሩዝ ይዘው መጥተው ለአንድ ነጋዴ ሊያስረክቡ ነው። ሰላም ከተባባልን በኋላ ወደ ሥራቸው ዞሩ፤ እኔም ቆሜ አየሁ።

ነጋዴው የመጀመሪያውን ጆንያ አንስቶ ሚዛኑ ላይ ሊጥል ሲል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ባዶውን ሚዛን ጎንበስ ብለው አዩት። ቀስቱ ዜሮ ላይ አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ይህቺ ግማሽ ኪሎ የማን ናት?» አሉት።

ነጋዴው ሳቀና ከሥር ያለችውን ብሎን በጥፍሩ አዞራት። ቀስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሼም ሳቁ። ማንም አልተቆጣም። ጆንያው ወጣ፣ ኪሎው ተጻፈ፣ ቀጣዩ መጣ። በሦስተኛው ጆንያ ላይ ጋሼ እንደገና ጎንበስ ብለው ቀስቱን አዩት።

ይህን ካየሁ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ጠየቅኩ። «ቁጥጥር ይብዛ ነው የሚሉት ወይስ ይቀነስ?»

«ሚዛን ላይ ይብዛ» አሉ። «በየሳምንቱ ይምጡ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ላይ ይብዛ። ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት ላይ ይብዛ። እኔን የሚያናድደኝ ሚዛኑን ሳያይ ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ የሚሄደው ነው። ወረቀቱ ካለ ገበሬውን ብትገፈው ግድ የለውም። ወረቀቱ ከሌለ ሚዛንህ የመላእክት ቢሆን ያሽግሃል።»

ሩዙን አስረክበው ለሱቃቸው ዕቃ ሲገዙ ተከትያቸው ዞርኩ። ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ሚስማር፣ ደብተር፣ ዘይት፣ የጫማ ቀለም፣ የሞባይል ካርድ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጄሪካን። በመጨረሻ ለሰፈሩ ጎረምሶች ማበጠሪያ። ሁሉም አንድ ሱቅ ውስጥ ይገባል። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ግን በዘርፍ በዘርፍ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 980/2008። ሚስማሩ የሕንፃ መሣሪያ ነው፣ ደብተሩ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ዘይቱ የምግብ ሸቀጥ። ከተማ ውስጥ ይህ ያስኬዳል። ገጠር ውስጥ አንድ ሱቅ ማለት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የአካባቢው ገበያ ማለት ነው። «ሚስማር የለም ልበለው? ሰውየው ለአንድ ፍሬ ሚስማር ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመለስ?» ጋሼ ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ጄሪካን ሻጩ ዞር ብሎ አየን።

ምሳ አሳ በላን። አምባዛ ለእኔና ለጓደኛዬ፣ ነጭ አሳ ለጋሼ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኑ። ነጭ አሳ የሚባለው የጣና አሳ ቤተሰብ ከ15 በላይ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ውጭ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል፤ መረቡን ወንዝ አፍ ላይ ይዘረጋል። እንቁላሏን ሳትጥል ትያዛለች።

«እሱን ይዝጉት» አሉ ጋሼ። «በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ የጣለ ይቀጣ። የዓሣ አዋጁ ከወጣ ስንት ዓመቱ?» ጓደኛዬ መለሰ፤ የፌዴራሉ አዋጅ 315/1995 ነው። «እኮ። ለሻይ ቤት ሰው አለን፤ ለአሳው ሰው የለንም።»

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ድረስ «ነጋዴውን ልቀቁት» የሚል ሰው ነበር የጠበቅኩት።

እሑድ፣ ጥር 7

ሥላሴ ነው። ጋሼ አገራቸው ገብተዋል፤ እኛ ዘጌ ሄድን። በጀልባ በጠዋት መውጣት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይቆጣል። ዳር ላይ እምቦጭ ተንሳፍፎ አየን። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በአጠገባችን አለፈ። ሞተራችን ያስነሳው ማዕበል ሲያወዛውዘው ቀና ብሎም አላየን።

ዘጌ ዛሬ ከጢስ ዓባይና ከመሸንቲ ጋር በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። ጫካው ግን የከተማ አይመስልም። ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ ታች ስንወርድ በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። በበሬ አይታረስም። በአፈ ታሪኩ ይህ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ቃል ኪዳን ነው። ይኸው ደኑ አለ። በዙሪያው ያለው የጣና ዳር ሲመነጠር ዘጌ የተረፈው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቡና የምታሰጣ እናት አነጋገርን። የሚያስጨንቃቸው ዝናብ ሳይሆን ዋጋ ነው። ቡና እንደ ጌሾ አይደለም፤ የራሱ የግብይት አዋጅ አለው፣ 1051/2009። ገበሬውም አቅራቢውም ላኪውም የት መሸጥ እንዳለባቸው ተደንግጓል። ጌሾዋን ተሸክማ ባሕር ዳር የምትሸጥ ሴት ስለዚህ ሁሉ አታስብም። ቡናውን በጆንያ የጫነ ሰው ግን ኬላ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ከአንድ ጓሮ የወጡ ሁለት ምርቶች ናቸው።

ማታ ደክሞን ተኛን።

ሰኞ፣ ጥር 8

የወረታን ሚኒባስ ይዘን የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። አዲሱ ድልድይ ያኔ ግንባታ ላይ ነበር፤ የተመረቀው በግንቦት 2016 ነው። ሐሙሲትን እንዳለፍን ሜዳው ይከፈታል። በክረምት ውኃ የሚተኛበት አገር ነው። አሁን ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፤ በቀረው እርጥበት ጓያ በቅሏል። በየመንደሩ ውኃ የሚስብ ሞተር ይጮኻል፣ ሽንኩርት ይጠጣል።

ሩዝ እዚህ የደረሰው በደርግ ዘመን ነው፤ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር። እዚህ የሚዘራው ታዋቂው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ስሙ ደራ ውስጥ ካለችው ጅግና የመጣ ነው። በፊት ረግረግ ተብሎ የተተወ መሬት ዛሬ ወርቅ ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። ጋሼ ቤት የበላነውም እሱን ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቶሎ የሚደርቅ።

መፈልፈያው ከሱቁ ጀርባ ነው። ቆርቆሮ መጠለያ፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ረዥም ቀበቶ። አቧራው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ገለባው በአንድ በኩል ይተፋል፤ እሱንም የሚገዛ አለ። ጋሼ በጩኸቱ መካከል ጆሮዬ ላይ እየጮኹ የሕይወት ታሪካቸውን ጀመሩልኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰምቼ «እባክዎ ሱቅ እንግባ» አልኩ።

አባታቸው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የኮታ እህል የሚያሰባስቡት እሳቸው ናቸው። ኮታው የሚሸጠው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ነው፤ ከገበያው በታች። እህል በግል እንዳይሻገር ኬላ ተተክሎ ነበር። የአባታቸው ታናሽ ወንድም ደግሞ በሌሊት በአህያ ኬላውን ዞሮ የሚያልፍ ነጋዴ ነው። «እቤታችን ኬላውም ኮንትሮባንዱም አንድ መሶብ ላይ ነበር የሚበሉት» አሉ። ኮታው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ።

ከዚያ 1989 መጣ፤ የመሬት ሽግሽጉ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር የነበረ ሰው «ቢሮክራት» ተባለ። ቢሮክራት ከአራት ቃዳ በላይ እንዲይዝ አይፈቀድለትም፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። አባትየው የቀረው መሬታቸው ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ። ጋሼ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፤ ትምህርታቸውን አቋረጡ። ከአራት ቃዳ ላይ ለወንድማማቾች የሚካፈል ነገር አልነበረምና ያንን ኮንትሮባንዲስት አጎት ተከትለው ንግድ ገቡ። ዶሮና እንቁላል ወደ ባሕር ዳር፣ ጨውና ሳሙና ወደ አገር ቤት።

በሚያዝያ 2005 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ለወረዳ ምክር ቤት ተመረጡ። የአምስት ዓመት ወንበር ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በ2013 የተመረጡት ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት ነው፤ ወረዳና ቀበሌ አልነካም። ስለዚህ ጋሼ አሁንም ወንበራቸው ላይ ናቸው። «የመረጡኝ ሰዎች ልጆች ድረዋል» ብለው ሳቁ። ይህ ለዴሞክራሲ ጥሩ አይደለም አልኳቸው። «ለእኔም ጥሩ አይደለም፤ ሱቁን ማን ያያል?» አሉ።

ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ላይ ፈቃዱ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ከጎኑ። ዋናው ሰነድ ግን ከባንኮኒው ሥር ነው፤ የዱቤ ደብተር። ጥጉ በዘይት የወዛ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ። አንድ ገጽ ገለጥኩ። «ሐምሌ 9፣ ጨው 2 ኪሎ፣ ባትሪ 4፣ ዘይት ግማሽ ሊትር።» በሚቀጥለው መስመር ሳሙና፣ ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ገጹ ሙሉ ነው። ከኅዳር በኋላ መስመሮቹ አንድ በአንድ በቀይ ተሰርዘዋል። ሩዝ ሲወቃ ዕዳ ይከፈላል ማለት ነው።

ጋሼ ጣታቸውን ሐምሌ ላይ አደረጉ። «ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ መቼ ነው የሚከፍለው?»

ደረጃ ሐ የሚባለው እንደ ጋሼ ያለው ትንሹ ነጋዴ ነው፤ የሚከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30።

«እኔ ሐምሌ ላይ ያለኝ ይህ ደብተር ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ገበሬው እጁ ባዶ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ። ያን ጊዜ ነው ጥሬ ብር አምጣ የምባለው። ምን አደርጋለሁ? ከከተማ ጅምላ ነጋዴ እበደራለሁ። እሱ ደግሞ ወለዱን አይጽፈውም፤ ዕቃው ላይ ነው የሚጨምረው። ጨው የሚወደደው ለዚህ ነው። ግብሩ አልከበደኝም፣ ልጄ። ወሩ ነው የከበደኝ።»

ጓደኛዬ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ተከራከራቸው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ሁሉም ነገር በዚያ ተሰልቷል፤ ለአንድ መንደር ተብሎ ካላንደር አይዞርም። ጋሼ አልተረቱም። «የከተማው ባለ ደረጃ ሀ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ትልቁ አራት ወር፣ ትንሹ አንድ ወር። ይኼንን ያሰበ ሰው ክረምት ገጠር አድሮ ያውቃል?» ጓደኛዬ ትልቁ መዝገብ ስለሚዘጋ ነው አለ። ምክንያቱ ትክክል ነው። የጋሼም ትክክል ነው። እኔ ለጋሼ አደላለሁ፤ ደብተሩን አይቻለሁና።

(ይህን ስጽፍ ሕጉ ተሻሽሏል። በአዋጅ 1395/2017 ደረጃ ሐ ቀርቶ ሁለት ደረጃ ሆኗል፤ መለያውም የ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነው። ያኔ ደረጃ ሐ የሚባለው ከ500,000 ብር በታች ያለው ነበር።)

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና 2009ን አነሱ። ግብር የሚሰላበት የነጋዴው የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአገሪቱ ብዙ ከተሞች ሱቅ የተዘጋበት፣ አቤቱታ የጎረፈበት ክረምት ነው። ገማቾቹ እዚህ ሲመጡ ያዞሯቸው ጋሼ ነበሩ፤ የምክር ቤት አባል ናቸዋ። የመጡት በገበያ ቀን ነው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ሻይ ቤት ነበራት። በገበያ ቀን አግዳሚ ወንበሩ አይበቃም። በሌላው ቀን ዳቦዋ ሳይሸጥ ይደርቃል። ገማቾቹ ያዩት አግዳሚውን ነው። ግምቱ ሲመጣ ሴትየዋ ፈቃዷን መልሳ ዘጋች።

«አሁን የት አሉ?» አልኩ።

«እቤቷ። ሻይ ትሸጣለች፤ ያለ ፈቃድ። እኔም እዚያው ነው የምጠጣው።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «በሩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ሌላ ቀን ኑ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አበል አለው፣ መኪና አለው፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።»

የጋሼ ሐሳብ ሦስት ነው። የገጠር ትንሽ ነጋዴ ግብሩን ሰብል ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ ይክፈል። ግምት ሲሠራ የገበያ ቀንም ሌላ ቀንም ይታይ። ፈቃድ ደግሞ በቀበሌ ይታደስ፤ ለአንድ ማኅተም ወረዳ ድረስ ሄዶ ሱቅ ዘግቶ ማደር ይቅር። በሦስተኛው አልተስማማንም። የቀበሌ ሰው ያውቅሃል፤ ስለዚህ የሚጠላህም ከሆነ ያውቅሃል። በወንድማማች የመሬት ክርክር የተቀያየሙ ሰዎች ባሉበት አገር ማኅተሙን ለጎረቤት መስጠት ያስፈራል። የአባታቸውን ታሪክ አስታወስኳቸው፤ ቢሮክራት ያሏቸው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን አላመኑኝም።

የሐምሌውን ጉዳይ በጉባኤ አንስተውታል። «ከፌዴራል የመጣ ነው» ተብሎ ተዘጋ። ከዚያ ጓደኛዬ አንድ ወረቀት ኮፒ አድርጎ ላከላቸው፤ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። አራት ቦታ ታጥፎ መስመሩ ነጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ነው። በክልሉ ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ መሆኑን ይናገራል። በእስክሪብቶ አስምረውበታል።

«ስለዚህ መልሱ አዲስ አበባ አይደለም፣ ባሕር ዳር ነው» አሉ። «አንተ ነገ ባሕር ዳር ነህ። የክልሉን የገቢ ግብር አዋጅ ፈልግልኝ። ዝክረ ሕግ ላይ ወጥቷል።»

ማክሰኞ፣ ጥር 9

ዝክረ ሕግ የአማራ ክልል አዋጆች የሚታተሙበት ጋዜጣ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው አዞሩኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አዋጁ ግን እጃቸው ላይ አልነበረም። በመጨረሻ ያገኘሁት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቷ የነጋዴ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ አዋጁን ኮምፒውተሯ ውስጥ ለሥራዋ አስቀምጣዋለች። በገጽ ሒሳብ አትማ ሰጠችኝ፣ ደረሰኝም ቆረጠች።

ወረቀቱን ወደ ጋሼ መንደር ለሚሄድ ሰው ልሰጥ ነበር። ጓደኛዬ ግን «በቴሌግራም ላክላቸው፣ ዛሬ ማታ ማንበብ ይፈልጋሉ» አለኝ። ካፌ ተቀምጬ ገጹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ብዙ ሳይቆይ ሁሉም ታዩ። ስልኬ ጠራ። ከኋላ መፈልፈያው ይጮኻል።

«ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «አራተኛው ገጽ ደብዝዟል። የመክፈያው ጊዜ ያለው እሱ ላይ ነው መሰለኝ። ብርሃን ወዳለበት ወጣ ብለህ ድገመው።»